ንግግርዎ ሳይዛባ እንዲደርስ፦ ከዝግጅት እስከ ማረጋገጫ

ተናጋሪው «ነግሬዋለሁ» ይላል፤ አድማጩ «እንዲህ አልተባልኩም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቃሉ ከአፍ ወጥቷል፣ ጆሮም ደርሷል፣ መሐል ላይ ግን ትርጉሙ ተቀይሯል። ጥሩ ተናጋሪ ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው አንደበቱ የተፈታ፣ ቃል የማያጥረው ሰው ነው። አንደበተ ርቱዕነት መልካም ነገር ነው፤ ለዕለት ተዕለት ሥራና ኑሮ ግን ከዚያ የሚበልጥ ችሎታ አለ። እሱም የተናገሩት ነገር አድማጩ ዘንድ ምን ሆኖ እንደደረሰ ማወቅ ነው። ይህ በልምምድ የሚገኝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ለሁለት ሰዎች ውይይትም፣ ለስብሰባም፣ ለመድረክ ንግግርም ያገለግላሉ።

እርምጃ 1፦ ዓላማዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ጥያቄው ቀላል ነው፤ «ንግግሬ ሲያልቅ አድማጩ ምን እንዲያደርግ፣ ምን እንዲወስን ወይም ምን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ?» «ስለ ዕቃው መዘግየት መነጋገር» ርዕስ እንጂ ዓላማ አይደለም። «ኃላፊዬ የማስረከቢያውን ቀን ከሰኞ ወደ ሐሙስ እንዲያዛውርልኝ» ዓላማ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አልጻፍ ካለዎት ሐሳቡ ገና አልበሰለም ማለት ነውና ውይይቱን ቢያዘገዩት ይሻላል።

ቀጥሎ ስለ አድማጩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስለ ጉዳዩ እስካሁን ምን ያውቃል? የሚያሳስበው ምንድን ነው? ከሰማ በኋላ የመወሰን ሥልጣን አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ድካም ያድናል፤ መወሰን ለማይችል ሰው ግማሽ ሰዓት ማስረዳት የተለመደ ስህተት ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አቅልለው አይለፉት። በ1990 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ ያደረገችው ሙከራ ለምን እንደሆነ ያሳያል። ተሳታፊዎች ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን ዜማዎች በጣታቸው ጠረጴዛ እየመቱ አሰሙ፤ ሌሎች ደግሞ ዜማው የትኛው እንደሆነ እንዲገምቱ ተጠየቁ። መቺዎቹ ግማሽ ያህሉ ይታወቃል ብለው ነበር። ከ120 ዜማዎች የታወቁት ግን 3 ብቻ ነበሩ። መቺው በጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ዜማውን እየሰማ ነው የሚመታው፤ አድማጩ ጋ የሚደርሰው ኳኳታ ብቻ ነው። አንድን ጉዳይ በደንብ በምናውቀው መጠን «ይህንማ ማን ያጣዋል» እያልን የምንዘለው ነገር ይበዛል። ስለዚህ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ሲያስረዱ፣ መንገር የማያስፈልግ የሚመስልዎትን የመጀመሪያ ነገር ይንገሩት።

እርምጃ 2፦ ዋናውን ነገር ከፊት ያድርጉ

አብዛኛው ሰው ነገሩ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ይተርካል፤ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ያመጣል። አድማጩ ግን ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚተው መለየት አይችልም። ለምሳሌ፦

«ባለፈው ሳምንት ዕቃው ዘገየ፣ ከዚያ ደግሞ ሹፌሩ ታመመ፣ እኛም ሌላ ሰው ስንፈልግ ቆየን፣ ደንበኛው ደግሞ እየደወለ ነው፣ እና እንግዲህ ሰኞ የሚደርስ አይመስለኝም።»

ይኸው መልእክት ሲስተካከል፦

«የማስረከቢያው ቀን ከሰኞ ወደ ሐሙስ እንዲዛወር ፈቃድዎን እፈልጋለሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ዕቃው ዘግይቷል፣ ሹፌሩም ታሟል። ከፈቀዱልኝ ለደንበኛው ዛሬውኑ እኔ እደውላለሁ።»

ቅደም ተከተሉ ጥያቄ፣ ምክንያት፣ ቀጣይ እርምጃ ነው። ዝርዝሩ ሲጠየቅ ይመጣል። «ምክንያቱ ሁለት ነው» የሚለው ቁጥርም ሥራ አለው፤ አድማጩ ስንት ነገር እንደሚጠብቅ ያውቃል፣ አንዱ ቢያመልጠው ደግሞ ይጠይቃል።

በአንድ ጊዜ ከሦስት ነጥብ አይለፉ። ሰው በአእምሮው ለአጭር ጊዜ ይዞ የሚያቆየው አዲስ ነገር ውስን ነው፤ ኔልሰን ኮዋን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መጠኑ አራት ያህል መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በላይ ካለዎት በጽሑፍ ይስጡ።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆነው ከባድ መርዶ ነው። እዚያ ላይ ዋናውን ነገር በድንገት ማፍረጥ ያደነግጣል። መጀመሪያ አንድ የማዘጋጃ ዓረፍተ ነገር ይበሉ፤ «የምነግርህ ነገር ከባድ ነው»። ትንሽ ዝም ይበሉና ነገሩን በግልጽ ቃል ይንገሩት፤ ከዚያ እንደገና ዝም ይበሉ። ዝምታውን በማብራሪያ መሙላት አያስፈልግም፤ በዚያች ሰዓት አድማጩ ማብራሪያ አይሰማም።

እርምጃ 3፦ ዓረፍተ ነገርዎን ያሳጥሩ፣ ማሰሪያውን ያሰሙ

አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየው መጣ ወይስ አልመጣም፣ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ የሚለው የሚታወቀው በማሰሪያው፣ ማለትም በዚህ የመጨረሻ ግስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አድማጩ ፍርዱን ሳያውቅ ብዙ ነገር ተሸክሞ ይቆያል። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ የትንፋሽ ነገር ነው፤ ትንፋሻችን ሲያልቅ ድምፃችን ይወርዳል፣ የሚዋጠውም ያው ማሰሪያው ነው። «ይደርሳል» እና «አይደርስም» የሚለያዩት በጥቂት ድምፅ ነው። በዚያች ቦታ ላይ ድምፅዎ ከወረደ መልእክቱ ተገልብጦ ሊሰማ ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የማያልቀውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይክፈሉ፤ የመጨረሻውን ቃል እንደ መጀመሪያው ቃል ጉልበት ሰጥተው ይጨርሱ። በዚህ መመሪያ ካለው ሁሉ በፍጥነት ለውጥ የሚታይበት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

አድራጊውን ይጥሩ። «ሪፖርቱ ይላካል» ሲባል ሁሉም ሰው ሌላው ይልከዋል ብሎ ይሄዳል። «ሪፖርቱን እኔ እልካለሁ፤ ነገ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት» ይበሉ። «ቶሎ»፣ «ትንሽ ቆይቶ»፣ «በተቻለ መጠን»፣ «አንዳንድ ሰዎች» የሚሉትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥርና ስም ይተኳቸው።

ቁጥር ሲናገሩ ይጠንቀቁ። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» በስልክ ወይም በጫጫታ መሐል በቀላሉ ይምታታሉ፤ «ሰባ» እና «ሰባት»ም እንዲሁ። «ስልሳ፤ ስድስት፣ ዜሮ» ብሎ በቁጥር በቁጥር መድገም ሁለት ሰከንድ ይወስዳል፤ የገንዘብ ወይም የመድኃኒት መጠን ሲሆን ግዴታ ነው።

«ማለት ነው»፣ «እንግዲህ»፣ «ያው»፣ «ምናምን» የሚሉ ማሟያዎች አልፎ አልፎ ቢገቡ ችግር የለም፤ በየዓረፍተ ነገሩ ሲመጡ ግን ጆሮ እነሱን መቁጠር ይጀምራል። በሌላ ቃል ለመተካት አይሞክሩ፤ ማሟያው ሊመጣ ሲል አፍዎን ይዝጉ። ለእርስዎ ረጅም የሚመስለው ዝምታ ለአድማጩ ማሰቢያ ነው።

እርምጃ 4፦ ድምፅና ትንፋሽ

እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ 4 ሰከንድ አየር ያስገቡ፤ ሆድዎ ወደ ውጭ መገፋት አለበት፤ ትከሻዎ ከተነሣ አተነፋፈሱ ከደረት ነው። 6 ሰከንድ ቀስ ብለው ያውጡ። አምስት ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ አየር ሲያስወጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እንዲተርፍዎ ይሞክሩ።

ፍጥነትን በተመለከተ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ የሚጠቅመው እረፍቱ ነው። በዓረፍተ ነገሮች መካከል አንድ ሰከንድ፣ አዲስ ሐሳብ ወይም ቁጥር ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ያህል ይረፉ። ፈጣን ተናጋሪ ከሆኑ ቃላቱን ከመጎተት ይልቅ እረፍቱን መጨመር ይቀላል፤ ውጤቱም ያምራል።

ጫጫታ ባለበት ቦታ ሰው ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦታል። መጮኽ ግን ጉሮሮ ያደክማል፣ ቁጣም ያስመስላል። በግልጽ ቦታ ርቀቱን በግማሽ ሲቀንሱ አድማጩ ጋ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከመጮኽ በፊት ይቅረቡ፣ በር ይዝጉ ወይም ቦታ ይቀይሩ። ማይክሮፎን ከያዙ ከአፍዎ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አርቀው ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ በ፣ ፐ እና ጰ ሲጠሩ የሚወጣው አየር እየመታው ያንኳኳል።

አሁን ሁለት ደቂቃ ተናግረው በስልክዎ ይቅዱ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ አያስደስትም፤ ስንናገር ድምፃችንን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው በቅጂ ሲመጣ ቀጥኖ እንግዳ ይሆንብናል። ሌሎች ሁልጊዜ የሚሰሙት ቅጂው ውስጥ ያለውን ነው። ሦስት ጊዜ ያዳምጡት፤ አንዴ የየዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ ብቻ፣ አንዴ ማሟያዎቹን እየቆጠሩ፣ አንዴ ደግሞ «ይህን የማያውቅ ሰው ምን ይጠይቅ ነበር?» እያሉ።

እርምጃ 5፦ ፊትና አካል

«ከመልእክት 55 በመቶው አካላዊ እንቅስቃሴ፣ 38 በመቶው የድምፅ ቃና፣ 7 በመቶው ብቻ ቃል ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ቁጥሮቹ የመጡት አልበርት መህራቢያን በ1967 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ሙከራዎች ነው። ሙከራዎቹ የሚመለከቱት ስሜትን ብቻ ነው፤ ቃሉ አንድ ነገር፣ ቃናውና ፊቱ ሌላ ነገር ሲናገሩ ሰው የትኛውን ያምናል የሚለውን። ስለ ንግግር ሁሉ አይናገሩም፤ ይህን መህራቢያን ራሱ አስታውቋል። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ጠባብ ቢሆንም ጠቃሚ ነው፤ «አልተቀየምኩም» ሲሉ ፊትዎ ከተኮሳተረ የሚታመነው ፊቱ ነው።

ሰው የሚሰማው በዓይኑም ጭምር ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ማክገርክና ማክዶናልድ ባሳዩት ሙከራ «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል ከንፈር ጋር ሲቀናበር ብዙዎች የሰሙት «ዳ» ነው። ስለዚህ መስኮት ከጀርባዎ አድርገው አይቁሙ፣ ፊትዎ ይጨልማል፤ እየጻፉ ወይም ስክሪን እያዩም አይናገሩ። ዓይን ለዓይን መተያየትና ቅርበት በየባህሉ የተለያየ ትርጉም አላቸው፤ አድማጩ ዓይኑን ካሸሸ ወይም ወደ ኋላ ካፈገፈገ ትንሽ ይልቀቁት።

እርምጃ 6፦ ለመመለስ ሳይቸኩሉ ያድምጡ

በ2009 እ.ኤ.አ. አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። አእምሮ አንድ ቃል ለማዘጋጀት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን እያበሰልን ነው። ተፈጥሯዊ ነው፤ በቁም ነገር ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ የንግግሩ መጨረሻ ሳይሰማ ይቀራልና። ማርከሻው ከመመለስዎ በፊት የሰሙትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ነው፤ «እንደገባኝ የከበደህ ሥራው ራሱ ሳይሆን ቀኑ ማጠሩ ነው፤ ልክ ነኝ?»

ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በመማሪያ ክፍሎች ባካሄደችው ጥናት መምህራን የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። የጥያቄው አቀራረብም ለውጥ ያመጣል። «ለምን ዘገየህ?» ሰበብ ያመጣል፤ «ምን አጋጠመህ?» መረጃ ያመጣል።

እርምጃ 7፦ የደረሰውን ያረጋግጡ

በማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት የተሰለፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ረዳት አብራሪ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚል ትርጉም ያለው አሻሚ ነገር በሬዲዮ ተናገረ። ተቆጣጣሪው «ለመነሣት ተዘጋጅተው ቆመዋል» ብሎ ተረዳና «ኦኬ» አለ። ቀጥሎ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ቢልም፣ በዚያው ቅጽበት ሁለተኛው አውሮፕላን ስለተናገረ ድምፆቹ ተደራረቡ፤ የመጀመሪያው አውሮፕላን በጥራት የሰማው «ኦኬ» የሚለውን ብቻ ነው። እየተንደረደረ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፍ የበረራ ንግግር «መነሣት» የሚለው ቃል ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ አብራሪዎችም «እሺ» በማለት ፈንታ የታዘዙትን ዋና ነገር መልሰው እንዲናገሩ የሚያዘው ሥርዓት ተጠናከረ።

ለዕለት ኑሮም የሚሠራው ይኸው ሥርዓት ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ይናገራል፤ ሁለተኛው በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል፤ የመጀመሪያው «ልክ ነው» ይላል ወይም ያርማል። ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያለሱ ግን ሁለተኛው ከንቱ ነው።

«ገባህ?» ብለው አይጠይቁ። ያልገባውም «አዎ» ይላል፤ ምክንያቱም «አልገባኝም» ማለት ራስን ማሳነስ ይመስላል፣ ወይም ደግሞ በስህተት የገባው ሰው እንደገባው ስለሚያምን። ሸክሙን ወደ ራስዎ ያዙሩት፦ «በደንብ ማስረዳቴን እንድናረጋግጥ፣ ከምን እንደምትጀምር ንገረኝ።» ለታላቅ ሰው ወይም ለኃላፊ ሲሆን እርስዎ ራስዎ ይድገሙ፦ «በትክክል መስማቴን ላረጋግጥ፤ ሐሙስ፣ ሁለት ቅጂ፣ ለእርስዎ በእጅ።»

በተለምዶ የሚያሰናክሉ ነገሮች

ስልክ። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። የሰ እና የፈ ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ተቆርጦ ይቀራል፣ ፊደሎቹም ይመሳሰላሉ። ስምና ቁጥር በስልክ ሲሰጡ ፊደሉን በታወቀ ቃል ያስረዱ፤ ካስፈለገ በጽሑፍ መልእክት ያስከትሉ።

የመስማት ችግር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችሎታቸው ቀንሷል፤ ስለዚህ ከአድማጮችዎ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል። አይጩኹ። ፊትዎን ያሳዩ፣ ረጋ ይበሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ካልተሰማ በሦስተኛው በሌላ ቃል ይናገሩት። ቋንቋዎን በሁለተኛ ደረጃ ለሚናገር ሰውም እንዲሁ፤ ተረትና ምሳሌ ይቀንሱ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጠቀሙ።

ሥልጣን። በቴኔሪፍ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው፣ የተከበረ አሠልጣኝ፣ በርግጠኝነት መለሰለት፤ ማንም ደግሞ አልተናገረም። አለቃ፣ ወላጅ ወይም መምህር ከሆኑ ሐሳብዎን መጨረሻ ላይ ይስጡ። «አስተያየት አላችሁ?» ከማለት «ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ በምን ምክንያት ይሆናል?» ይበሉ፤ ጥያቄው ራሱ ለመቃወም ፈቃድ ይሰጣል። ታች ያሉት ደግሞ ስጋታቸውን በሦስት ክፍል ያቅርቡ፦ ያዩትን፣ የሚያሰጋቸውን፣ የሚጠይቁትን። «በሒሳቡ ላይ ሁለት የማይጣጣሙ ቁጥሮች አሉ። እንዲህ ከተላከ እንዳይመለስብን እሰጋለሁ። እስክናጣራ አንድ ቀን ይስጡኝ።» መልስ ካላገኙ አንዴ ብለው አይተዉት፤ በግልጽ ቃል ይድገሙት።

ንዴት። ልብ ሲመታና ድምፅ ሲንቀጠቀጥ የሚነገር ነገር አይጨበጥም። ይቋረጥ፤ ሲያቋርጡ ግን የመመለሻ ሰዓት ይናገሩ፦ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ እንጨርሰዋለን።» ሰዓት ያልተነገረለት መቋረጥ ኩርፊያ ሆኖ ይቆጠራል። በእረፍቱ ጊዜ መከራከሪያ አያሰላስሉ፤ ይራመዱ ወይም ሌላ ሥራ ይሥሩ።

ፍርሃት። ሰው ፊት ለመናገር የሚፈሩ ሰዎች ሲረበሹ ሁሉም የሚያውቅባቸው ይመስላቸዋል። ሳቪትስኪና ጊሎቪች በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ተናጋሪዎች ድንጋጤያቸው ከሚታየው በላይ የሚታይ ይመስላቸዋል፤ ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ደግሞ የተሻለ ተናገሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሊሰን ዉድ ብሩክስ ጥናትም ለራሳቸው «ተረጋግቻለሁ» ከሚሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» የሚሉት ሰዎች የተሻለ ንግግር እንዳደረጉ አሳይቷል። ልብ እየመታ ሳለ ወደ ጉጉት መሻገር ወደ እርጋታ ከመውረድ ይቀላል።

ንግግሩን በሙሉ አይሸምድዱ፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ተከታዩ ሁሉ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ በቃል ይያዙ፤ መካከሉን በአንድ ካርድ ላይ በጉልህ በተጻፉ አምስት ቃላት ይምሩት። ሐሳብ ከጠፋብዎ ይቅርታ አይጠይቁ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በዝግታ ይድገሙ፣ ካርዱን ይዩ፣ ወደ ቀጣዩ ቃል ይለፉ። ልምምዱን ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያድርጉ፤ በልብ ማንበብ አፍን አያሠለጥንም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ

በሳምንት አንድ ነገር ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ማሰሪያውን ጎላ አድርጎ መጨረስ ይሁን፤ ሁለተኛው ጥያቄውን ማስቀደም፤ ሦስተኛው ከመመለስ በፊት ማጠቃለል፤ አራተኛው መልሶ ማስነገር። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ይቅዱና ከፊተኛው ጋር ያነጻጽሩ። ከቅጂው ጎን አንድ ተጨማሪ ነገር ይመዝግቡ፦ በሳምንቱ ውስጥ «እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» ያሉበትን ጊዜ፣ ምን ብለው እንደተናገሩና ሰውየው ምን ብሎ እንደተረዳው። ሦስትና አራት ሲጠራቀም ስህተቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ያልተጠራ አድራጊ፣ ያልተወሰነ ቀን ወይም የተዋጠ ማሰሪያ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚለማመዱትን ከዚያ ይምረጡ።